የማንጎ፣ የእንጆሪና የዘይቱን በተርክሬም ለቤት ካፕኬክ

በተርክሬም (ቅቤና ስኳር ተመትቶ የሚሠራ የኬክ ክሬም) ላይ ፍራፍሬ ሲጨመር የሚበላሽበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ውሃ። ማንጎው በብሌንደር ይፈጫል፣ በደንብ በተመታው ቅቤና ስኳር ላይ ይገለበጣል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክሬሙ ይቆራረጣል ወይም ቀጥኖ በካፕኬኩ ጎን ይወርዳል። ያኔ ሁሉም የሚሰጠው ምክር “ስኳር ጨምሪበት” ነው። ስኳር ይጨመራል፣ ክሬሙ ይቆማል፣ የማንጎው ጣዕም ግን ስኳሩ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። መስተካከል ያለበት ፍሬው ነው። ወደ ቅቤው የሚገባው ጭማቂ ሳይሆን ድልህ መሆን አለበት፤ የቲማቲም ድልህ እንዳለ ሁሉ የማንጎ ድልህ፣ የእንጆሪ ድልህ።

ቁጥሩን እንየው። የገበታ ቅቤ ከመቶ 80 እስከ 82 እጁ ስብ ነው፤ 16 እጅ ገደማው ውሃ ነው። 200 ግራም ቅቤ ስትጀምሩ እንግዲህ 32 ግራም ያህል ውሃ ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። የማይታየው በጣም ደቃቅ ጠብታ ሆኖ በስቡ መሀል ስለተበተነ ነው። በዚህ ላይ 100 ግራም ጥሬ ማንጎ ሲገባ 83 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይገባል፤ እንጆሪ ደግሞ 91 ግራም። ስኳሩ ነገሩን ያባብሰዋል። በክፍል ሙቀት 1 ግራም ውሃ 2 ግራም ያህል ስኳር ያሟሟል። 10 ግራም ጭማቂ ጨመርኩ ስትሉ በተግባር የጨመራችሁት 30 ግራም ሽሮፕ ነው፤ ደርቆ ክሬሙን ያቆመው የነበረው ስኳር ራሱ ፈሳሽ ሆኗልና። “አንድ ማንኪያ ብቻ ጨምሬ እንዴት ይህን ያህል ቀጠነ?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ለ12 ካፕኬክ የሚሆነው መጠን፦ 200 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 380 ግራም አይሲንግ ስኳር (እንደ ዱቄት የደቀቀ ስኳር)፣ 80 ግራም የፍራፍሬ ድልህ፣ ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ቁንጥር ጨው። 660 ግራም ያህል ክሬም ይወጣዋል። በቢላ ለሚቀባ አንድ ካፕኬክ 30 ግራም ይበቃል፤ በከረጢት ተጨምቆ ከፍ ብሎ ለሚጠቀለለው 50 ግራም ይሄዳል። መጠኑን በኩባያ ያልሰጠሁት ሆን ብዬ ነው። የተጠቀጠቀ አንድ ኩባያ አይሲንግ ስኳርና የተነፋ አንድ ኩባያ አይሲንግ ስኳር በክብደት በጣም ይለያያሉ፣ እዚህ ሥራ ላይ ደግሞ 40 ግራም ልዩነት ይታያል። የወጥ ቤት ሚዛን ከሚክሰር በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው።

ቅቤና ስኳር

ቅቤው የገበታ ቅቤ ይሁን። ጨው ያለው ብቻ ከተገኘ ተጨማሪ ጨው አታድርጉበት፤ ያም ሆኖ በእንጆሪ ላይ ጨዋማነቱ ጎልቶ ይሰማል። የሐበሻ ለጋ ቅቤ ለዚህ አይሆንም። ከረጋ ወተት ስለሚናጥ የራሱ ኮምጠጥ ያለ መዓዛ አለው፣ ውስጡ የሚቀረው አሬራም ከአንዱ ቅቤ አንዱ ይለያያል፣ ስለዚህ ስንት ውሃ ይዞ እንደመጣ አታውቁም። ንጥር ቅቤ ከነኮሰረቱ ማንጎ ላይ ምን እንደሚያደርግ መናገርም አያስፈልግ። ዳቦ ላይ ለመቀባት በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጡትን ለስላሳ ማርጋሪኖች ደግሞ ጽሑፋቸውን አንብቡ፤ ስባቸው 40 ወይም 60 በመቶ ብቻ የሆነ አለ። የቀረው በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ገና ፍሬው ሳይነካ ተሸንፋችኋል።

የቅቤው ሙቀት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ቴርሞሜትር ከሌለ በጣት ተጫኑት፦ ጣታችሁ ምልክት ትቶ ሳይንሸራተት ከቆመ ደርሷል። ጣት ሰምጦ ቅባት ይዞ ከወጣ አልፏል። አዲስ አበባ ውስጥ በክረምት ማለዳ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ቅቤ እንኳ ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን በትንንሹ ቆርጦ በሳህን ላይ መበተን ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ አትክተቱት። ጠርዙ ጠንካራ እንደሆነ መሀሉ ይቀልጣል፣ አንዴ የቀለጠ ቅቤ ደግሞ ቢመቱት አየር አይዝም፤ አየሩን የሚይዘው በስቡ ውስጥ ያለው ያልቀለጠው ደቃቅ ክሪስታል ነው።

አይሲንግ ስኳር ሱቅ ከሌለ ተራውን ስኳር ቤት መፍጨት ይቻላል። በአንድ ጊዜ 200 ግራም ስኳርና 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች አድርጉ፣ በደረቅ መፍጫ አንድ ደቂቃ ፍጩ፣ አቧራው እስኪረጋ ሳትከፍቱ ጠብቁ፣ ከዚያ በቀጭን ወንፊት ንፉ። በወንፊቱ ላይ የቀረውን መልሳችሁ ፍጩ። በርበሬና ኮረሪማ የሚፈጭበት መፍጫ የቱንም ያህል ቢታጠብ መዓዛውን ለስኳሩ ያቀብላል። ስኳሩ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ምላስ ላይ አድርጉት፤ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ካለ ክሬሙም አሸዋ አሸዋ ይላል፣ በመምታት ብዛት አይለሰልስም። ስብ ስኳር አያሟሟም።

ማንጎ

ከሁሉም በፊት ማንጎን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል፤ እሱን የቻለ ሌላውን ይችላል። ሁለት መካከለኛ ማንጎ፣ ከነልጣጩ 500 ግራም ያህል፣ 300 ግራም የተፈጨ ማንጎ ይሰጣል። አፕል ማንጎ ከተገኘ ጭረቱ፣ ማለትም ሥጋው ውስጥ ያለው ክር፣ ትንሽ ነው። ጭረት የበዛበት ማንጎ ከሆነ ከተፈጨ በኋላ በወንፊት ተጭናችሁ አሳልፉት፤ ጭረቱ በኋላ የክሬም ከረጢቱን አፍ ይዘጋል። ፍሬው በደንብ የበሰለ፣ ግንዱ አካባቢ የሚሸት ይሁን። ያልበሰለ ማንጎ ሲተን የሚወፍረው ስታርቹ እንጂ ጣዕሙ አይደለም።

ድስቱ ሰፊና ከማይዝግ ብረት ወይም ከኢናሜል የተሠራ ይሁን። በየቤቱ የሚገኘው የአሉሚኒየም ድስት ለኮምጣጣ ፍሬ አይመችም፤ አሲዱ ብረቱን ስለሚበላው ድልሁ ብረት ብረት ይላል። ባዶ ድስቱን መዝኑና ቁጥሩን ጻፉ። 650 ግራም ነው እንበል። 300 ግራም ማንጎ ሲገባ 950 ይሆናል። ግባችን ማንጎውን ወደ 100 ግራም ማውረድ ነው፤ ድስቱ ከነማንጎው 750 ግራም ሲመዝን አብቅቷል። በመሀል ከእሳት እያወጡ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው፤ የጋለ ድስት ሚዛኑን እንዳይጎዳ ከሥሩ የእንጨት መክተፊያ አድርጉና ሚዛኑን ዜሮ አስይዙ።

እሳቱ ከመካከለኛ ዝቅ ያለ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማንጎው ቀጭን ነው፣ አረፋው ትንንሽና ፈጣን ነው፣ አልፎ አልፎ ማማሰል ይበቃል። ግማሽ ያህሉ ሲተን መትፋት ይጀምራል። አረፋው ትልቅና ዘገምተኛ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ሲፈነዳ ትኩስ ድልህ እጅ ላይ ይረጫል፤ ረጅም እጀታ ያለው ማማሰያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ከድስቱ አትራቁ። የማንጎው ስኳር ስለተጠጋጋ ሥሩ በደቂቃ ውስጥ ያራል፣ የአረረ ማንጎ ደግሞ ክሬሙን ቡናማና መራራ ያደርገዋል። ቀለሙ ከቢጫ ወደ ደማቅ ብርቱካናማ ይሄዳል። ማማሰያውን በድስቱ ወለል ላይ ስትጎትቱት የሚተወው መስመር ሁለት ሦስት ሰከንድ ሳይዘጋ ከቆየ ቅርብ ነው፤ መዝኑ። እንደ እሳቱና እንደ ድስቱ ስፋት ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል።

በቴርሞሜትር ለምትሠሩ አንድ ማሳሰቢያ። የውጭ የማርማላታ አሠራሮች “እስከ 104 ዲግሪ አብስሉ” ይላሉ። ያ ለባሕር ጠለል ነው፤ እዚያ ውሃ በ100 ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ በባሕር ጠለል 104 ላይ የሚደርሰው ውፍረት እዚህ በ96 አካባቢ ይደርሳል። 104ን የጠበቀ ሰው ድስት ውስጥ የሚያገኘው ከረሜላ ነው። ሚዛን ግን ጎንደርም ሆነ ጅዳ ያው ነው፤ ለዚህ ነው ስለ ክብደት የምሟገተው።

ድልሁን ሰፊ ሳህን ላይ አፍስሱና በስሱ ዘርጉት፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ፍሪጅ ውስጥ 30 ደቂቃ ማስገባት ይቻላል፣ ወደ ቅቤው ሲገባ ግን ሙቀቱ ከቅቤው ጋር እኩል፣ 20 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ለብ ያለ ድልህ ቅቤውን ያቀልጣል፤ ከፍሪጅ በቀጥታ የወጣ ድልህ ደግሞ ቅቤውን በነካው ቦታ ሁሉ ያጠነክረውና ይቆራርጠዋል። ከተገኘው 100 ግራም 80ው ለክሬሙ ነው፣ 20ው ለጌጥ ወይም ለማስተካከያ ይቀመጥ።

ማንጎ ሲተን ጣፋጩ ይጠጋጋል፣ የሎሚ ጭማቂ ካልገባበት ጣዕሙ ተኝቶ ይቀራል። 2 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ያነቃዋል። ሲትሪክ አሲድ ካላችሁ ደግሞ ሩብ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው፤ ውሃ ሳይጨምር ኮምጠጥ ስለሚያደርግ ከሎሚም ይሻላል። የማንጎ ፍሌቨር ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ግን ከእውነተኛ ማንጎ ጋር ሲገባ የማስቲካ ጠረን ያመጣል። አንዱን ምረጡ።

ሌሎቹ ፍሬዎች

እንጆሪ ከማንጎ የበለጠ ውሃ ስላለው ወደ ሩብ መውረድ አለበት፦ 400 ግራም ወደ 100። ነገር ግን እንጆሪ ብዙ ሲፈላ የትኩስነት መዓዛው ይጠፋና ማርማላታ ማርማላታ ይላል። ለዚህ የሚሆን ዘዴ አለ። እንጆሪውን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት ወንፊት ላይ አስቀምጣችሁ ከሥሩ ዕቃ አድርጉ። በረዶው የፍሬውን ሥጋ ስለሚበጣጥሰው ሲሟሟ ቀይ ጭማቂው ራሱ ይንጠባጠባል። ያን ጭማቂ ብቻ ለብቻው አፍሉት፣ ሽሮፕ ሆኖ ማንኪያ ጀርባ ላይ እስኪያያዝ። የቀረውን ሥጋ ፈጭታችሁ መጨረሻ ላይ ጨምሩና አምስት ደቂቃ ያህል፣ ጠቅላላው 100 ግራም እስኪሆን ብቻ እሳት ላይ አቆዩት። አብዛኛው ውሃ ለብቻው ስለተነነ ሥጋው እሳት ላይ የሚቆየው ጥቂት ነው።

የእንጆሪ ቀለም ሌላ ጣጣ አለው። ቀዩን የሚሰጠው ነገር ኮምጣጣ ውስጥ ቀይ ነው፣ አሲዱ ሲቀንስ ወደ ሐምራዊና ግራጫ ይሸሻል። 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ከመጀመሪያው ድስቱ ውስጥ ይግባ። ሁለተኛው ችግር የቅቤው ቢጫነት ነው፤ ቢጫና ቀይ ተገናኝተው ብርቱካናማ ሮዝ ይሰጣሉ። ቅቤውን ለብቻው እስከ 8 ደቂቃ መምታት በጣም ያነጣዋል። ያም ካልበቃ የቀይ ሥር ጭማቂ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ ካለፈ መሬት መሬት ይላል።

ዘይቱን፣ ማለትም ጓቫ፣ በኔ ግምት ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ፍሬ ነው፣ ግን ማንም አይሞክረውም። ፔክቲኑ (ማርማላታን የሚያረጋው በፍሬ ውስጥ ያለ ነገር) ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይወፍራል፤ ያው ፔክቲን የቀረውን ውሃ አጥብቆ ስለሚይዝ ክሬሙ ቢያድርም ውሃ አይተፋም። 500 ግራም ዘይቱን ከግማሽ ኩባያ ውሃ ጋር 10 ደቂቃ ቀቅሉ፣ ፍሬው ሲልም በወንፊት ተጭናችሁ አሳልፉ። ብሌንደር ውስጥ አትክተቱት፤ ውስጡ ያሉት ዘሮች ድንጋይ ናቸው፣ ከተሰባበሩም ወንፊት አያስቀራቸውም። ያለፈውን 120 ግራም እስኪሆን አፍሉት። መዓዛው ከባድ ስለሆነ 60 ግራም ለ200 ግራም ቅቤ ይበቃል።

ሎሚና ብርቱካን በሌላ መንገድ ይሠራሉ። መዓዛቸው ያለው ጭማቂው ውስጥ ሳይሆን ልጣጩ ላይ ባለው ዘይት ነው፣ ዘይት ደግሞ ቅቤ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። የ3 ሎሚ ወይም የ2 ብርቱካን ልጣጭ በቀጭን መፋቂያ ፋቁ፣ ነጩ እንደታየ አቁሙ፤ ነጩ መራራ ነው። ፍቂውን ከ2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር በጣት እሹት፤ ስኳሩ ረጥቦ ቀለም ይይዛል፣ ቤቱም ይሸታል። ከዚያ ከቀሪው ስኳር ጋር ይቀላቀል። ጭማቂውን በተመለከተ፣ ሎሚ አይፈላም፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ጥሬውን ይገባል፣ አሲዱ በቂ ነው። ብርቱካን ግን ጣፋጭና ቀጭን ስለሆነ 200 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ወደ 30 አፍሉት።

ፓሽን ፍሩት ስለታም ስለሆነ ትንሹ ይሠራል፦ ዘሩ ተለይቶ 150 ግራም ጭማቂ ወደ 60 ይውረድ፣ ሎሚ አይጨመርበትም። አናናስ ጭረቱ ብዙ ነው፣ ፈጭቶ፣ አጥልሎ፣ በደንብ አፍልቶ ወደ ሩብ ማውረድ። ጥሬውን ከወተት ነክ ክሬም ጋር አትቀላቅሉት፤ ውስጡ ያለው ኢንዛይም ፕሮቲን እየበላ ያመርረዋል፣ እሳት ግን ያከሽፈዋል። ሙዝ ይጠቁራል፣ ከባድም ነው። ፓፓያ ድካሙን አይመልስም፤ የሚሰጠው ቀለም ብቻ ነው። ጊሽጣ እሳት አይወድም፣ ሲፈላ ይመራል።

ጊዜ ለሌለው፦ የተዘጋጀ የእንጆሪ ማርማላታ 80 ግራም በወንፊት አሳልፎ መጠቀም ይቻላል። ግማሽ በላዩ ስኳር ስለሆነ አይሲንግ ስኳሩን በ50 ግራም ቀንሱ፣ ሎሚም ጨምሩ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ሱፐርማርኬት ውስጥ በበረዶ የደረቀ ፍራፍሬ ታገኛላችሁ፤ ሲነከስ ኩርሽም የሚለውና በእጅ ሲጨበጥ የሚፈረከሰው፣ እንደ ዘቢብ የሚታኘከው አይደለም። 25 ግራሙን ከአንድ ማንኪያ አይሲንግ ስኳር ጋር ፈጭታችሁ ንፉና በድልሁ ፈንታ አስገቡ። ውሃ የለውም ማለት ይቻላል፣ ጣዕሙም ጥሬ ፍሬ ነው። ከረጢቱን ግን ከፍታችሁ አታስቀምጡ፤ ከአየሩ እርጥበት ስቦ በአንድ ቀን ይጣበቃል።

መምታት

ቅቤውን ለብቻው በመካከለኛ ፍጥነት 5 ደቂቃ ምቱ፣ በየ2 ደቂቃው አቁማችሁ ጎኑንና ሥሩን በላስቲክ ማንኪያ ጥረጉ። ሲነጣና መጠኑ ሲጨምር የተነፋውን ስኳር ሦስት ቦታ ከፍላችሁ ጨምሩ፣ እያንዳንዱን መጀመሪያ በዝቅተኛ ፍጥነት፤ አለዚያ ወጥ ቤቱ ነጭ ይሆናል። ስኳሩ ሁሉ ከገባ በኋላ 2 ደቂቃ በመካከለኛ ፍጥነት። ከዚያ ድልሁን አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ እያላችሁ፣ በየመሀሉ 30 ሰከንድ እየመታችሁ አስገቡ። አምስተኛው ማንኪያ ላይ ሲደርስ ቅመሱ። ክሬሙ አሁንም የሚያብረቀርቅና ከመምቻው ላይ የማይወድቅ ከሆነ ቀጥሉ፤ ለስለስ ማለት ከጀመረ ድልሁ ቢተርፍም እዚያው አቁሙ። ሎሚና ጨው መጨረሻ ላይ ይገባሉ። በስተመጨረሻ በዝቅተኛው ፍጥነት 1 ደቂቃ፣ ወይም በእጅ በላስቲክ ማንኪያ ከሳህኑ ጎን ጋር እየተጫናችሁ ማሸት፤ ትልልቁን የአየር ቀዳዳ የሚያጠፋው ይህ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ካፕኬኩ ላይ ሲጨምቅ ክሬሙ በየመሀሉ ይቆረጥበታል።

ክሬሙ ሲቆራረጥ አትጣሉት። መጀመሪያ ሳህኑን ከውጭ በመዳፍ ንኩ። ከቀዘቀዘ ችግሩ ብርድ ነው፦ ሁለት ሦስት ማንኪያ ክሬም አውጥታችሁ በትንሽ ዕቃ ለብ አድርጋችሁ አቅልጡ፣ ሚክሰሩ እየሠራ በቀጭኑ መልሱት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይያያዛል። ሳህኑ ለብ ያለና ክሬሙ የሚያብለጨልጭ፣ የሚፈስ ከሆነ ችግሩ ሙቀት ነው፦ 15 ደቂቃ ፍሪጅ፣ ከዚያ እንደገና መምታት። ሙቀቱ ልክ ሆኖ ሥሩ ላይ ቀለም ያለው ውሃ ከታየ ግን ፍሬው በዝቷል፤ 50 ግራም ለስላሳ ቅቤ በትንሽ በትንሹ ጨምሩበት። ስኳር የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፣ ያውም በአንድ ጊዜ አንድ የሾርባ ማንኪያ።

ጣፋጩ ለሚበዛበት

ከላይ ያለው ክሬም ይጣፍጣል፤ በየትኛውም ሎሚ ብዙ አይቀንስም። ለዚህ መፍትሔው በእንቁላል ነጭ የሚሠራው፣ የስዊስ የሚባለው ነው። 120 ግራም የእንቁላል ነጭ፣ 220 ግራም ተራ ስኳር፣ 300 ግራም ቅቤ፣ 100 ግራም ድልህ። የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ “4 እንቁላል” ብሎ መቁጠር አይሠራም፣ ነጩን መዝኑ። ነጩንና ስኳሩን በጎድጓዳ ሳህን አድርጋችሁ ሥሩ ውሃውን በማይነካበት የፈላ ድስት ላይ አስቀምጡ፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ 71 ዲግሪ አድርሱት፤ በጣት ሲነካ ስኳሩ የማይሰማ መሆን አለበት። ከዚያ አውርዳችሁ ጠንክሮ እስኪቆምና የሳህኑ ሥር እስኪቀዘቅዝ ምቱ፣ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ቅቤውን በቁራጭ በቁራጭ አስገቡ። ግማሹ ላይ ይቆራረጣል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው፣ መምታቱን ቀጥሉ። ድልሁ በመጨረሻ ይገባል። ጠብታ አስኳል ወይም ቅባት የነካው ሳህን ነጩን ከመነሻው እንዳይነሳ ስለሚያደርገው ዕቃውን በሎሚ ጥረጉት። ጥሬ ስኳር ስለማይቀርበት አይሲንግ ስኳር ለማያገኝ ሰውም ይህ የተሻለ መንገድ ነው።

ለጾም ደግሞ የመጀመሪያው አሠራር በጠንካራ የአትክልት ማርጋሪን ይሠራል፣ ስቡ 80 በመቶ የሆነ። ብዙ ማርጋሪኖች የወተት ዱቄት ወይም አጓት ስላለባቸው ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ማርጋሪን ምላስ ላይ እንደ ቅቤ ስለማይቀልጥ ቅባቱ ይቀራል፤ ስለታም ፍሬ፣ በተለይ ፓሽን ፍሩትና ሎሚ፣ ይህን ይሸፍናል። ድልሁን 60 ግራም ላይ አቁሙ።

ሙቀት በሚበዛበት፣ ድሬዳዋም ይሁን ዱባይ፣ ቅቤ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ መልኩን አይጠብቅም። ከ200 ግራሙ 50ውን በጠንካራ የአትክልት ስብ መተካት ለአንድ ሁለት ሰዓት ጊዜ ይገዛል። ከረጢቱን ስትጨምቁም ክሬሙን በሁለት ከረጢት ክፈሉ፣ አንዱ በእጃችሁ ሲሞቅ ሌላው ፍሪጅ ይቆይ።

ካፕኬኩ ላይ

ካፕኬኩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት። ላዩ የቀዘቀዘ የሚመስለው መሀሉ ሙቀት ይዞ ይቆያልና ክሬሙን ከሥሩ ያንሸራትተዋል። በከፍታ ቦታ የምትጋግሩ የውጭውን አሠራር ቤኪንግ ፓውደር ከሩብ እስከ ሲሶ ቀንሱ፤ አለዚያ ተነፍቶ መሀሉ ይወድቃል፣ ክሬሙም ጉድጓድ ለመሙላት ያልቃል። ውስጡን መሙላት ከፈለጋችሁ መሀሉን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩና አንድ የሻይ ማንኪያ ድልህ አስቀምጡ፣ ከላይ ክሬሙ ይሸፍነዋል። ለዚህ 100 ግራም ያህል ተጨማሪ ድልህ አብስሉ። ትኩስ የተቆረጠ ፍሬ ለጌጥ ከሆነ ግን በሚቀርብበት ሰዓት ብቻ ይቀመጥ፤ እንጆሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ ክሬሙ ላይ ቀይ ውሃ ይለቃል።

በድልህ የተሠራው የመጀመሪያው ክሬም ከ20 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል አንድ ቀን ይቆያል፣ ፍሪጅ ውስጥ አምስት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር። የእንቁላሉን በዚያው ቀን ፍሪጅ አስገቡት። ቅቤ ጠረን ስለሚስብ ዕቃው ጥብቅ ክዳን ይኑረው፤ ከወጥ ጎን ክፍቱን ያደረ የማንጎ ክሬም በማግስቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ከፍሪዘር ሲወጣ ሌሊቱን ፍሪጅ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አቆዩትና በዝቅተኛ ፍጥነት ሁለት ደቂቃ ምቱት። ሳይሞቅ ከተመታ ይቆራረጣል።